ዘግይቶ ስለሚደርስ ብርድ

በካናዳ አገር በዊኒፔግ ከተማ የሚኖር ሰው፥ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚወርድበት በጥር ወር ውኃ ሳይቋረጥበት ሰንብቶ፥ በጣራው ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ መንጠባጠብ በጀመረበት በመጋቢት፥ አንዳንዴም በሚያዝያ፥ ማለዳ ቧንቧውን ቢከፍት ጠብታ ያጣል። ብርድ በአፈር ውስጥ የሚወርደው በዝግታ ነውና፥ በላይ ያለው አየር ሞቆ ሰው ካባውን ካወለቀ በኋላ እንኳ፥ በታች ያለው ውርጭ ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ጠልቆ የተቀበረውን ቧንቧ ያገኘዋል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ከሺህ የሚበልጡ የዚያች ከተማ ቤቶች በዚህ አኳኋን ውኃ አጥተው፥ ብዙዎቹ ቧንቧቸው እስኪከፈትላቸው ለሳምንታት ተራ ጠብቀዋል።

ስለ አምላካዊ መግቦት ለሚመራመር ሰው ከዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ የሚመጣ መከራ ከፍትሕ ይቈጠራልን? ብዙ ሰባክያን የፈጣሪን ትዕግሥት ሲያመሰግኑ መዘግየት ሁሉ ምሕረት እንደ ሆነ አድርገው ይናገራሉ። ለእኔ ግን ይህ አነጋገር በቂ ሆኖ አይታየኝም። ያ መሬት ብርዱን ፈጥኖ ባለመቀበሉ ቧንቧውን በጥር ያድነዋል፤ የተቀበለውንም ፈጥኖ ባለመልቀቁ በመጋቢት ይዘጋዋል፤ ሁለቱም ከአንድ ባሕርይ የሚወጡ ናቸውና፥ አንዱን ምሕረት ሌላውን መዓት ብሎ ለሁለት ፈቃድ ማካፈል የፍጥረቱን ጠባይ አለማስተዋል ነው።

የተዘጋው ቧንቧ የብረት የሆነ እንደ ሆነ፥ ሊከፍቱት የሚመጡት ሠራተኞች ከመበየጃ መኪና የኤሌክትሪክ ኃይል እያሳለፉ ያሞቁታል፤ ኃይሉ ከመንገዱ የወጣ እንደ ሆነ ግን ቤት እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና፥ በእርሱ ውስጥ ቀጭን ጎማ አስገብተው በሙቅ ውኃ በረዶውን ጥቂት በጥቂት ያቀልጡታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በቤቱ ውስጥ ያለውን የቧንቧ አፍ ከፍተው ይተዉታል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋልና፥ ብዙ ጊዜ ቧንቧን የሚሰነጥቀው በረዶው ጎኑን ስለ ገፋው ሳይሆን፥ በበረዶውና በተዘጋው አፍ መካከል መውጫ ያጣው ውኃ ስለ ታመቀ ነው። (ይህን ለሰው ልብ ምሳሌ አድርጎ መስበክ የሚወድ ቢኖር አልከለክለውም፤ እኔ ግን በቧንቧው እቈያለሁ።)

ይልቁንም የሚከብደኝ ሌላ ነው። ቧንቧው ከብዙ ዘመን በፊት ጥልቀት በሌለው ቦይ ተቀብሮ ከሆነ ጥፋቱ የቈፋሪው ነው፤ ቈፋሪው ግን ምናልባት አርፏል፤ የዛሬው ነዋሪም ያን ቦይ በዓይኑ አላየውም። ነቢዩ ሕዝቅኤል የአባትን በደል በልጅ ማሳበብን ተቃውሟል፤ እርሱ የተናገረው ግን ስለ ዳኝነት ነው፤ ውርጭ ደግሞ ዳኛ አይደለምና ማን እንደ ቈፈረ አይመረምርም። ስለዚህ ነዋሪው የደረሰበትን ቅጣት ከማለት ይልቅ ውርስ ቢለው ወደ እውነት ይቀርባል። በዚያች ከተማ ውኃ ላጡት ቤቶች ተራቸው እስኪደርስ ከጎረቤት ቤት በጎማ ውኃ ይሳብላቸዋል፤ ጎረቤቱም የቦዩ ዕዳ የለበትም።