ተጫዋቹ የማን ነው?

የምንወደውን የኳስ ተጫዋች ገበያ መካከል ወይም አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ብናገኘው ምን መብት አለን? አንዳንዱ እጁን ይጎትታል፤ ስሙን እየጠራ ሰው ይሰበስብበታል። «እኔ በገዛሁት ትኬት አይደለም ወይ እንጀራ የሚበላው?» ይላል። ትኬቱ ግን የ90 ደቂቃ ጨዋታ መመልከቻ እንጂ የሰውየው መግዣ አይደለም።

በመስከረም ወር 2018 እ.ኤ.አ. ያን ጊዜ ለቼልሲ ይጫወት የነበረው እንጎሎ ካንቴ ወደ ፓሪስ የሚሄደው ባቡር ለንደን ላይ አመለጠው። ለጸሎት ወደ መስጊድ ገባ። እዚያ ያገኘው ወጣት የተቀናቃኙ የአርሴናል ደጋፊ ነበር፤ ቢሆንም ቤቱ ጋበዘው። የዓለም ዋንጫ ካነሣ ሁለት ወር የሆነው ሰው ከማያውቃቸው ጋር የዶሮ ካሪ በልቶ፥ የዕለቱን ጨዋታዎች በቴሌቪዥን አብሮ ተመለከተ። ፎቶግራፍም ተነሥተዋል፤ ይህን አልነቅፍም። ባቡር ላመለጠው ሰው የሚያስፈልገው ግን እራትና መቀመጫ ነበር፤ እርሱንም አገኘ።

ተጫዋቹስ ዕዳ የለበትምን? ሰላምታ መመለስ አለበት እላለሁ፤ ዝነኛ ስለሆነ ሳይሆን ሰላም የተባለ ሁሉ ስለሚመልስ ነው። ሐኪም ቤት ልጁን ታቅፎ ተራ ሲጠብቅ «አሁን አይመቸኝም» ቢለን ግን ስለ ምን ኩራተኛ እንለዋለን?