ፈረሱና ሽቦው

በሚዙሪ ወንዝ ዳር፣ በሴንት ጆሴፍ ከተማ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሉት አንድ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ታናሽየው እ.ኤ.አ. በ1860 ፖኒ ኤክስፕረስ በሚባለው የፈረስ ፖስታ ተቀጠረ። መንገዱ እስከ ካሊፎርኒያዋ ሳክራሜንቶ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እሱ የድርሻውን ይጋልባል። ጣቢያ ሲደርስ አራት ኪስ ያለውን የቆዳ ልባስ ከኮርቻው መንጭቆ ተጭኖ በሚጠብቀው ፈረስ ላይ ይጥልና ውሃ እንኳ ሳይጎነጭ ይፈተለካል። ደብዳቤ በዐሥር ቀን አገር ሲያቋርጥ ያኔ ተአምር ነበርና፣ ያየው ሁሉ ባርኔጣውን ያውለበልብለታል።

ታላቅየው ግን አልቀናም። “ዕድሜ የሌለው ሥራ ነው” አለ። እውነቱን ነበር። ፈረሰኞቹ መጋለብ ከጀመሩ ሦስት ወር ሳይሞላ ኮንግረስ ቴሌግራፍ ወደ ምዕራብ እንዲዘረጋ ሕግ አውጥቷል። በ1861 ሥራው ሲጀመር ታላቅየው ምሰሶ ተካይ ሆነ። ዛፍ በማይታይበት ሜዳ፣ በበሬ ጋሪ ከሩቅ የመጣውን እንጨት እጁ እስኪላጥ ጉድጓድ እየቆፈረ ያቆማል።

ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጡት ሽቦዎች እስኪገናኙ ድረስ በመካከል ባለው ክፍተት መልእክት የሚያሻግሩት እነዚያው ፈረሰኞች ነበሩ። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ሽቦው ያለቀበት ቦታ ላይ ይገናኛሉ። “መንገድህን በየቀኑ እያሳጠርኩልህ ነው” ይለዋል ታላቅየው እየሳቀ። ታናሽየው ዝም ብሎ የፈረሱን ኮቴ ያያል፤ የትኛው ምንጭ እንደደረቀ ጣቢያ ጠባቂውን ይጠይቃል። ከታላቅየው ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ድንኳን ውስጥ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛው ቁልፉን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ምን እያለ እንደሆነ ታላቅየው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ኦክቶበር 24 ቀን ሽቦዎቹ ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ተገናኙ። ከሁለት ቀን በኋላ የፈረስ ፖስታው መዘጋቱ ተነገረ። የታላቅየው አካፋም ያን ሰሞን ሥራ ፈታ።

ቤት ሲገቡ አባታቸው “ምን ይዛችሁ መጣችሁ?” አላቸው። ታላቅየው ደመወዙን ቆጠረ። ታናሽየውም የራሱን ቆጠረና፣ የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ የቱ ውሃ ከብት እንደሚገድል፣ ፈረስ ማነከስ ከመጀመሩ በፊት አረማመዱ እንዴት እንደሚለወጥ ሲያወራ አመሸ። በዚያው መንገድ የመንገደኞች ሠረገላ የሚያሠራ ኩባንያ ነጂ አድርጎ ወሰደው። ታላቅየው ወደ አባቱ ወናፍ ተመለሰ።

ይህ ዘመን ሲነሣ ብዙ ጊዜ ለወጣት ምክር ነው፤ የትናንቱን ፈረስ ትተህ የነገውን ሽቦ ያዝ ይባላል። እኔን አያሳምነኝም። ታላቅየው ነገን በትክክል ገምቶ፣ ነገ አጠገቡ ቀጭ ቀጭ ሲል ጉድጓዱን ብቻ አየ። ሥራ ሲሞት ይበልጥ የሚጎዳው ሀብቱን ያፈሰሰበት ነው፤ የፖኒ ኤክስፕረስ ባለቤቶች ራስል፣ ሜጀርስና ዋዴል ከ18 ወር በኋላ የወጡት ዕዳ ተሸክመው ነው። ታናሽየው በመንገድ የተማረውን ግን አበዳሪ በሐራጅ አይሸጥበትም።

የሠረገላውም ሥራ ቢሆን ዕድሜው አልረዘመም። በሜይ 1869 የባቡር ሐዲዱ ዩታ ውስጥ ፕሮሞንተሪ ላይ ሲገጠም አገር አቋራጩ የሠረገላ ጉዞ አበቃ፤ ነጂዎቹም ባቡር ወዳልደረሰባቸው የማዕድን ከተሞች ፈረሶቻቸውን አዞሩ።