ያልነበረው ብር

አፄ ቴዎድሮስ ገንዘብ አላስመቱም። ጋፋት ላይ መድፍ አሠርተዋል፤ መንገድ አስጠርገዋል፤ የራሳቸው መልክ የተቀረጸበት ብር ግን በዘመናቸው አልነበረም። በየገበያው የሚዞረው ማርትሬዛና አሞሌ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሳለ እኔ የአፄ ቴዎድሮስ ምስል ያለበት፣ በጀርባው «አንድ ብር»፣ ከሥሩም «፲፰፻፷» የሚል የተጻፈበት ወርቅ መሳይ ሳንቲም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ስድስት ዓመት አስቀምጫለሁ። ፲፰፻፷ የመቅደላ ዓመት መሆኑ ነው። ያን ዓመት ንጉሡ የሚያስቡት ስለ ሳንቲም አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ነገር ሳንቲም ሰብሳቢዎች «ፋንታዚ» ይሉታል። ከሐሰተኛ ገንዘብ ይለያል። ሐሰተኛ ገንዘብ ያለውን ብር አስመስሎ የሚሠራ ነው፤ ፋንታዚ ግን ፈጽሞ ኖሮ የማያውቀውን ብር «ቢኖር ኖሮ ይህን ይመስል ነበር» ብሎ አንድ ግለሰብ በግል ማሽኑ የሚመታው ነው። እኔ «የምኞት ብር» ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው ያርመኝ። መንግሥትም ራሱ በ1964 ዓ.ም. የቴዎድሮስን መልክ የያዘ የመታሰቢያ ሳንቲም አስመትቷል፤ ያኛው ግን የተመታበትን ዓመት አልደበቀም። የኔው ዓመቱንም ምኞት አድርጎታል።

ወደ እጄ የገባው ገደብ ላይ ነው። ከዲላ ተነስቶ ይርጋጨፌን አልፎ ለሚመጣ ሰው ገደብ የጌዴኦ ደቡባዊ ጫፍ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ጉጂ ነው። ዳገቷ በእንሰትና በቡና የተሸፈነ፣ ጭጋጓ እስከ ረፋዱ የማይገለጥ ከተማ ናት። በዚያ አስተማሪ ነበርኩ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል፣ ገደብም ከአቅሟ በላይ ሰው ተቀበለች። የምናስተምርባቸው ክፍሎች መኝታ ሆኑ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የቀረው የሒሳብ ትምህርት ሥር ሰዎች ተደርድረው ይተኙ ነበር።

ከነዚያ መካከል ከቀርጫ የመጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሳንቲም እንደምሰበስብ ከማን እንደሰሙ አላውቅም፤ አንድ ቀን ጠዋት «መምህር» ብለው ጠሩኝና የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ሁለት ጠገራ ብርና ያ የምኞት ብር ወጡ። ባለቤታቸው ከቡና ነጋዴ የተቀበሉት፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ መሆኑን ነገሩኝ። ቀጥለውም ጠገራዎቹን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ወርቅ መሳዩን በአውራ ጣታቸው አሹት። «ትልቁ ይህ ነው» አሉ።

ውድ አንባቢ፣ በዚያች ደቂቃ ያደረግሁትን ለብዙ ጊዜ በኩራት ሳወራው ኖሬአለሁ። ዝም ብዬ በርካሽ መውሰድ እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። «እማማ፣ ይህ ወርቅ አይደለም፤ ነሐስ ነው፣ የተቀባ ነው። ቴዎድሮስ ብር አላሠሩም» ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ፊታቸው ምን እንደሆነ መጻፍ አልፈልግም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጠገራ ስድስት መቶ፣ ምንም ለማያወጣው ደግሞ ከርኅራኄ ሦስት መቶ ብር ጨምሬ፣ በድምሩ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ሰጠኋቸው። መረቁኝ። እኔም ምርቃቱን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማታ ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «እውነተኛ» ብዬ የከፈልኩበት ጠገራ ራሱ ምንድን ነው? የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሯ ግን ከሞተች በኋላም እስከ ዛሬ ድረስ ያንኑ 1780 እንደያዘ ይመታል። ዓመቱ የቆመው ገዢው ሌላ ዓመት ያለበትን አልቀበልም ስላለ ነው። ገዢውም የኛ ሰው፣ የቀይ ባሕርና የዐረብ አገር ሰው ነበር። ቪየና ብቻ ሳትሆን ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ብራስልስም፣ ቦምቤይም መትተውታል። ፋሺስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 የብሩን ቅርጽ መምቻ ከኦስትሪያ ወስዳ ሮማ ላይ ያስመታችው ሊወርራት ለተዘጋጀችው አገር መገበያያ እንዲሆን ነው። በሞተች ሴት ስም፣ ባለፈ ዓመት፣ በጠላት ማሽን የተመታ ብር! ይህ ፋንታዚ ካልሆነ ምን ፋንታዚ ነው?

በተቃራኒው አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያስመቱት፣ ክብደቱም ብሩም ከጠገራው የማያንስ፣ የአገሩ ንጉሥ መልክ ያለበት ብር ገበያው ውስጥ ጠገራውን ማስለቀቅ አልቻለም። ኢጣሊያኖችም እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ ማርትሬዛን የምትመስል ሴት ቀርጸው ቢያወጡ ሕዝቡ አንገዋሎ መለሰላቸው። የዘውዷን ዕንቁ በጣቱ እየቆጠረ የሚቀበል ገበሬ እንዴት ይታለላል? የአክሱም ነገሥታት በአንዳንድ ሳንቲሞቻቸው ላይ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ብለው ያስጽፉ ነበር፤ ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል። ንጉሥ ብር ያስመታል፤ ብር የሚያደርገው ግን ተቀባዩ ነው።

እንግዲህ ባልቴቷና ባለቤታቸው ያን የተቀባ ነሐስ በስንት ኪሎ ቡና ተቀብለው ይሆን? ቡናው እውነተኛ እንደነበር አልጠራጠርም።

በ2016 ዓ.ም. ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ስሄድ ሳንቲሞቼን ይዤ ከአንድ ጡረተኛ ሰብሳቢ ቤት ገባሁ። ጠገራዎቹን ብዙም አላያቸውም፤ እንዲህ ያለው በየቤቱ ሞልቷል። ቴዎድሮስን ሲያይ ግን መነጽሩን ለወጠ። «ይህን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ዘጠኝ ሺህ ብር ሰጠኝ። የማላግጥበት መስሎት ደግሞ፣ የተገኘበትን ታሪክ በወረቀት ጽፌ ከፈረምኩበት አሥራ ሁለት ሺህ እንደሚያደርገው ነገረኝ። «ዕቃው ነሐስ ነው ወንድሜ» አለኝ፤ «የምገዛው ታሪኩን ነው።»

ሰውየው እብድ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ንግድ ከሱ የባሰ አለ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1965 ዴንቨር ላይ 1964 የሚል ዓመት ያለባቸው 316,076 የብር ዶላሮች አስመትቶ፣ ከዚያ ሐሳቡን ቀይሮ ሁሉንም አስቀልጧቸዋል። በ2010 (ይህም በነሱ አቆጣጠር ነው) ዳንኤል ካር የሚባል ቀራጭ የቆዩ እውነተኛ ዶላሮችን ገዝቶ፣ በላያቸው ላይ ያንን የቀለጠውን ዶላር በግል ማሽኑ መልሶ መታው። ሰብሳቢዎች በውስጡ ካለው ብር ዋጋ ብዙ እጥፍ ከፍለው ይሻሙበታል። አንዳንዱ ሐሰተኛ ነው ብሎ ይከሰዋል፤ እሱ ደግሞ እውነተኛው ከሌለ ምኑን አስመሰልኩ ይላል። ክርክሩ ደስ ይላል፤ ቢሆንም ገዢውም ሻጩም የሚያውቁትን ያውቃሉ። ተስማምተው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የኔን ያከበደው ከሁለታችን አንዳችን ጨዋታ መሆኑን አለማወቃችን ነው።

ሮማዊው ኪኬሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፉ አንድ ጥያቄ ያነሳል። ሮድስ ደሴት ላይ ረሃብ ገብቷል። አንድ ደህና ሰው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ከኋላው ሌሎች መርከቦች እህል ጭነው እየመጡ መሆናቸውን በዓይኑ አይቷል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን፣ ሕግ ያዘዘውን ጉድለት ከተናገረ ይበቃዋል፣ ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ይላል። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ደግሞ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢው ሊያውቅ ይገባል ይላል። ኪኬሮ ራሱ መናገር ነበረበት ብሎ ይፈርዳል።

ይህን አንብቤ በመጀመሪያ ነጻ የወጣሁ መሰለኝ። ነጋዴው ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር። የማውቀውን፣ ነሐስ መሆኑን፣ ሳልጠየቅ ተናግሬአለሁ። አንቲጳጥሮስ እንኳ ከዚህ በላይ ምን ይለኛል?

ሌሊት ግን ሌላ ሐሳብ መጣ። ለምን አላወቅሁም? የጠገራውን ዋጋ ያን ዕለት ለአንድ ወዳጄ ደውዬ ጠይቄአለሁ፤ እንዳልሞኝ። የሦስተኛውን አልጠየቅሁም። ያልጠየቅሁት ስለናቅሁት ነው። «እውነተኛ አይደለም» የሚለው ዕውቀቴ ቀሪውን ጥያቄ ዘጋው። ንቀቴ ሦስት መቶ ብር አስወጥቶኝ፣ ያንኑ ርኅራኄ ብዬ ሰየምኩት። ለባልቴቷ የነገርኳቸው እውነት ስለ ብረቱ እውነት ነበር፤ ስለ ዋጋው ግን እሳቸው ከኔ ይልቅ ትክክል ነበሩ። «ትልቁ ይህ ነው» ነበር ያሉት። እኔ አስተማሪው አርሜ ወደ ምንም አወረድኩት። መንገድ ላይ የቆመ ሰው፣ መጠየቅ እየቻለ፣ ቤት ከሌለው ሰው ጋር ሲገበያይ «አላውቅም ነበር» ማለቱ ምን ያህል ያስኬደዋል? እኔ ሩቅ ያስኬደዋል ብዬ አላምንም።

ደግሞ የታሪኩ ሦስት ሺህ ብር አለ። ይህ ለገደብ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የገደብ ቡና ለብዙ ዘመን «ይርጋጨፌ» በሚለው ስም ነው ዓለምን የዞረው። መንግሥት የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ሲሟገት ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ የደረሰው፣ ስም ራሱን የቻለ ሀብት መሆኑ ስለገባው ነው። ዛሬ ውጭ አገር በሚሸጠው ከረጢት ላይ «ገደብ»፣ «ወርቃ»፣ «ጨልጨሌ» ተብሎ ሲጻፍ ዋጋው ከፍ ይላል። ፍሬው ያው ቀይ እሸት ነው፤ የተጨመረው ታሪክ ነው። የታሪኩ ባለቤት ቅርጫቱን ተሸክሞ ከዳገቱ የሚወርደው ሰው መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሒሳቡ ላይ ግን ስሙ አይገኝም። እኔም ለጡረተኛው ወረቀቱን ብፈርም ያው ነበርኩ፤ ባልቴቷ አንድ ክፍል ውስጥ ሌሊት የተኙበትን ብርድ ለኔ ሦስት ሺህ ብር ማድረጌ ነው።

ሳልሸጥ ተመለስኩ። ቀርጫ ሰው ላክሁ፤ ባልቴቷ ወደ መሬታቸው ከተመለሱ በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ። ልጃቸው ግን ገደብ ቀርታ ገበያ ላይ ቆጮ ትሸጥ ነበር። በገበያ ቀን ሄጄ አገኘኋትና ሳንቲሙን በመዳፏ አስቀመጥኩላት። ነገሩን ከነሐፍረቱ፣ ከነኪኬሮው ማለት ይቻላል፣ ዘረዘርኩላት። ደንበኛ እያስተናገደች ነበር የሰማችኝ።

«አሁን ስንት ያወጣል?» አለችኝ።

«ዘጠኝ ሺህ።»

«ያንተ ሦስት መቶ ይቀነሳል። ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ሽጠህ አምጣልኝ» ብላ መለሰችልኝ። ቅርስ ነው፣ የእናትሽ ማስታወሻ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ይህም ሌላ ምኞት ነበር፣ የኔ።

ልሄድ ስነሳ ስለ ወረቀቱ ነገርኳት። የእናቷን ታሪክ ሰው በገንዘብ እንደሚፈልገው ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ ትንሽ አሰበች።

«ስንት ይጨምራል?»

«ሦስት ሺህ።»

«ጻፍለት» አለች። «ግን ለመነች ብለህ እንዳትጽፍ። ሸጠች በል። ወርቅ አይደለም ሲላትም አልለመነችም በል።»

የዚያኑ ዕለት ማታ ጻፍኩለት። ከላይ «ነሐስ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ሆኖ አያውቅም» ብዬ ጀመርኩና፣ «ገደብ» ብዬ፣ «2010» ብዬ፣ እሷ ያለችውን እንዳለችው አስገባሁት። ቦታው የጠበበኝ የገዢውን ስም የምጽፍበት ላይ ስደርስ ነው፤ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነበርኩና፣ በስንት እንደገዛሁትም ጨመርኩበት።