የመጨረሻዋ ባቄላ

ባለፈው ክረምት ደጎሎ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ከመጡ ልጆች ጋር ፖከር ተጫወትኩ። 10 ሆነን 100 100 ብር አዋጣን። ለአንደኛው 500፣ ለሁለተኛው 300፣ ለሦስተኛው 200 ብር ተባለ። ከዚያ ለሁላችንም እኩል ባቄላ ታደለን። ባቄላው ያለቀበት ይወጣል፤ ተመልሶ መግባት የለም።

ውድድር ከተራ ቁማር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ባቄላውን ሁሉ የሰበሰበው ሰው የያዘው የጀመረበትን 10 እጥፍ ነው፤ የሚወስደው ገንዘብ ግን ያዋጣውን 5 እጥፍ ብቻ። ስለዚህ የምታጣት ባቄላ ከምታገኛት ትበልጣለች።

እኩል ባቄላ ይዘን አራት ቀረን እንበል። የያንዳንዳችን ድርሻ በአማካይ 250 ብር ነው። አንዱ ያለውን ሁሉ አስይዞ ቢመጣብኝና ብሸነፍ፣ ባዶ እጄን እወጣለሁ። ባሸንፍስ? ድርሻዬ 500 አይሆንም። ዕድልን በተያዘው ባቄላ ልክ በሚያካፍለው የተለመደ ስሌት 383 ብር ገደማ ነው። እንግዲህ ከ100 ጊዜ 65ቱን የሚያሸንፍ ካርታ ካልያዝኩ መጣል አለብኝ። 60ውን የሚያሸንፍ እንኳ ይጣላል! ፍርሃት ይመስላል፤ ሒሳብ ነው።

ልጆቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ ላይ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ያሸነፈውን ክሪስ መኒሜከርን ያነሳሉ። 839 ሰው ነበር የገባው። የቀሩትን 838ቱን ማንም አያነሳም።

እኔ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። የልማት ሠራተኛው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ወስዶ መሬቱን በሙሉ እንዲዘራበት ሲመክረው፣ ግማሹን ብቻ ዘራበት። «አባባ፣ በአማካይ ይበልጣል እኮ» ስለው፣ «አማካዩን ማን በልቶት ያውቃል? እኔ የምበላው የዘንድሮን ነው» አለኝ። 1977ን ያየ ሰው ነው። ያኔ ኋላ ቀርነት መስሎኝ ነበር። ለካ ከወደቀ ተመልሶ እንደማይገባ ያውቅ ኖሯል።

ያ ጨዋታ ሌላም ነገር አሳየኝ። አራት ስንቀር ብዙ ባቄላ የነበረው እኔ ዘንድ ነበር። ሌሎቹ ሽልማቱ ደጃፍ ላይ መውደቅ ስለፈሩ፣ ካርታዬን በወጉ ሳላይ እየጨመርኩ አስጣልኳቸው። ትክክለኛ ስልት ነው። ነውር ነው እንዴ? አይመስለኝም። ወደን ገባን፣ እኩል ይዘን ጀመርን፣ የተሸነፈውም እራቱን በላ።

እነዚህን ሦስቱን አንሷቸውና እዩት። ታኅሣሥ ላይ ዕዳ የደረሰበት ገበሬ ስንዴውን በርካሽ ይሸጣል። ነጋዴው እስከ ነሐሴ ያቆየዋል፤ ያኔ ያው ገበሬ በውድ ይገዛዋል። ነጋዴውን ብትጠይቁት «ገበያ ነው፤ አልሰረቅሁ፣ አልዋሸሁ» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ነቀዙም፣ የዋጋው መውረድም የሱ ዕዳ ነው። ግን እሱ አንድ ዓመት ቢከስር በሚቀጥለው ይነግዳል፤ ገበሬው በሬውን ይሸጣል። ትርፉ የብልጠቱ ብቻ አይደለም፤ ሌላው መውደቅ ስለማይችል የመጣም አለበት። ሕግ አለመጣስ ብቻውን ሰውን ንጹሕ የሚያደርገው፣ ለተሸነፈውም ነገ ሲኖረው ይመስለኛል።

ያን ማታ 500 ብሩን እኔ ወሰድኩ። ልጆቹ እየሳቁ «ነገ እንደግመዋለን!» አሉኝ። አባቴ እንዲህ የሚባልበት ጨዋታ ገጥሞት አያውቅም።