በአኮፋዳ የተቀበልነው



ሰው ሃምሳ ዓመት ሲያልፈው ወደ ኋላው ተመልሶ ዘመኑን መመርመሩ የተገባ ነው። ብዙ ሰዎችም በዚህ ጊዜ ያገኙትን ሹመት፣ የሠሩትን ቤት፣ የተማሩትን መጽሐፍ ይቈጥራሉ፤ ኑሮአቸው ፍሬ ያለው መሆን አለመሆኑንም በዚያው ይመዝናሉ። እኛን ግን አባቶቻችን ሌላ ሚዛን አስይዘውናል፤ ያስያዙንም በአኮፋዳ ነው።

እንደሚታወቀው፣ ሕፃኑ በንባብ ቤት ከፊደልና ከመልእክተ ዮሐንስ ጀምሮ እስከ ዳዊት ይማራል፤ ከዚያም ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤት፣ ወደ መጻሕፍት ቤት ይሻገራል። ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ የሚሄደው ተማሪ ከዘመዶቹ ተለይቶ ይኖራል። ሀብቱ ደበሎ፣ አኮፋዳና ዱላ ነው። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ውሻ ይጮኽበታል፤ አንዳንዱ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ያሰናብተዋል። አንዲት ድኻ እናት ግን ለልጆችዋ ከጋገረችው ቆርሳ ትሰጠዋለች።

ይህን ልመና ችግር ብቻ ያመጣው የሚመስለው ሰው ይኖራል። ችግሩስ እውነት ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ሌላ ጉባኤ አለበት። ዕውቀት ሲበዛ ትዕቢትን ያስከትላል፤ በቅኔው የተመሰገነው ተማሪ በዚያው ቀን በሰው ደጅ ቆሞ ቁራሽ ሲጠብቅ ግን ልቡናው ዝቅ ይላል። የሚማረው ገጽ ሁሉ ስሟን በማያውቃት ሴት እንጀራ የተነበበ መሆኑንም ይረዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የገሠጻቸው፣ የተቀበሉትን ከራሳቸው እንዳገኙት አድርገው ስለ ተመኩበት ነበር።

እንግዲህ ፈተናው የሚመጣው አኮፋዳው ከተሰቀለ በኋላ ነው። ተማሪው ሊቅ ይሆናል፤ ደብር ይሾማል፤ ከሙሉ መሶብ ይቀርባል። ያን ጊዜ አንድ ትንሽ ተማሪ ከደጁ ቆሞ ሲለምን «ሠርተህ ብላ» ብሎ የሚመልሰው ከሆነ፣ ያ ሰው አርጅቶአል እንጂ አላደገም። ትምህርቱን ይዞአል፤ የትምህርቱን ፍሬ ግን አላገኘም።

ይህ ነገር ለካህናት ብቻ የተነገረ አይደለም። ነጋዴውን ዋስ ሆኖ ያቆመው ጎረቤት ነበረው፤ ሐኪሙን ያስተማሩት ከጥሪታቸው ሸጠው ነው፤ ሁላችንንም ያቀፈን ክንድ ነበረ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ በአጸደ ሥጋ የሉም። ብድራቸውን ወስደን ብንመልስ የሚቀበለን የለም። ስለዚህ የኋለኛው ብድር የሚከፈለው ከፊት ለሚመጣው ነው፤ ለደጅ ጠኚው፣ ለወላጅ አልባው፣ ሥራ ለሚለምደው ወጣት። «የተፈጠርኩት ለምንድር ነው?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ቢኖር፣ ከማን ምን እንደ ተቀበለ አስቀድሞ ይቍጠር፤ መልሱን ከደጁ ቆሞ ያገኘዋል።

እኛ ስሟን ያላወቅናትን እናት እግዚአብሔር ያውቃታል። እርስዋ የዘረጋችውን እጅ እኛ እንዳናጥፈው እርሱ በቸርነቱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።