ከኪኒንሽ ጋር አትኮራረፊ

ልጄ፣ ትናንት ቡና ላይ ዝም ያልኩት ሰው ስለበዛ ነው። «ኪኒኑን ሦስት ቀን ተውኩት፤ ምንም አልሆንኩም፣ እንዲያውም ራሴን ቀለል አለኝ» ስትዪ ሰማሁሽ። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በቃል ከምነግርሽ ብጽፍልሽ ደግመሽ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው።

እንደምታውቂው ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ቤት፣ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜአለሁ። ያንቺን ኪኒን፣ ፌኖባርቢታልን፣ ሳልቆጥር ያለፈ ሳምንት አልነበረኝም። የቆየ መድኃኒት ነው። ለሚጥል በሽታ መሰጠት የጀመረው በፈረንጆቹ 1912 ነው፤ አባቴን በዕድሜ ይበልጠዋል። ጠባዩን አውቀዋለሁ።

ያንን «ምንም አልሆንኩም» ያልሽውን ላስረዳሽ። ይህ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ከዋጥሽው ግማሹ እንኳ እስኪወጣ 3 ወይም 4 ቀን ያህል ይፈጃል። እነዚያን ሦስት ቀናት የጠበቀሽ የድሮው ኪኒን ትራፊ ነው እንጂ መዳንሽ አይደለም። ትራፊው ሲያልቅ ነው ጉዱ። አንጎል የለመደውን በድንገት ሲያጣ ይቆጣል። ያኔ የሚመጣው መንቀጥቀጥ የምታውቂው ዓይነት ላይሆን ይችላል። አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይከተላል። ከ5 ደቂቃ ያለፈ መንቀጥቀጥ ክብሪት በማሽተት አይመለስም፤ ሐኪም ቤት ነው፣ ሊገድልም ይችላል።

ታናሽ እህቴን ታውቂያታለሽ፤ ቀኝ እጇን ሁልጊዜ በነጠላ የምትሸፍነውን። ጠይቀሻት አታውቂም፣ አስተዳደግሽ ደግ ነውና። ዓመት ሙሉ ሳይጥላት ቆየና «ድኛለሁ» ብላ ኪኒኑን ተወች። በሳምንቱ ምድጃ ዳር ወደቀች። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።

ጠበል አትሂጂ አልልሽም። እኔም እሄዳለሁ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል መናገራቸውን አስታውሳለሁ፤ ያ ቃል ላንቺም ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ጾሙም ቢሆን አያጣላሽም፤ ይህ ኪኒን ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ፣ ማታ ሲተኙ የሚዋጥ ነው። ብቻ ውኃ ውስጥ ብቻሽን አትግቢ።

አሁን ወደ ቅሬታሽ ልምጣ። ድካሙን አልክድብሽም። ያስተኛል፣ ያደነዝዛል፣ ያስረሳል። ሥራ ቦታ ዓይንሽ ሲከደን ብታፍሪ አይፈረድብሽም። ግን ይህን ለእኔ ነገርሽኝ፣ ለጎረቤትም ነገርሽ፣ ለሐኪሙ አልነገርሽም። እሱ «እንዴት ነሽ?» ሲልሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ ወጣሽ። ልጄ፣ የሐኪም «እንዴት ነሽ» ሰላምታ አይደለም። ጥያቄ ነው። ብትነግሪው መጠኑን ያይልሻል፤ ካልተስማማሽም ወደ ሌላ ይቀይርልሻል፣ ያውም ሳምንታት ወስዶ ቀስ በቀስ። ሌላውም ቢሆን ከጣጣ ነፃ አይደለም። ፌኒቶይን ድድ ያሳብጣል። ካርባማዜፒን ራስ ያዞራል፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ያሳያል። አዲስ መድኃኒት በጀመርሽባቸው ሳምንታት ሽፍታ ከወጣብሽ፣ አፍሽ ከቆሰለ ወይም ካተኮሰሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ።

ሽማግሌ ለሴት ልጅ ሊያነሳው የሚከብደው ነገርም አለ። ባንኮኒው ላይ እያለሁ ብዙ ጊዜ አፍሬ አልፌዋለሁ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። ሰርግሽ ቀርቧል። እነዚህ የጠራኋቸው ሦስቱም የወሊድ መከላከያ ኪኒንን፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም ጭምር ኃይሉን ይቀንሱታል። ቫልፕሮየት የሚባለው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደግሞ በፅንስ ላይ ይከፋል፤ እናቶቻቸው በእርግዝና ከወሰዱት ከ10 ልጆች አንዱ ያህል የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል። የአንቺውም ቢሆን በፅንስ ላይ ንጹሕ አይደለም። ስለዚህ ከማርገዝሽ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተመካከሪ፣ ፎሊክ አሲዱንም አስቀድሞ ያዝልሻል። ካረገዝሽ በኋላ ደንግጠሽ በራስሽ እንዳታቋርጪው፤ መውደቁ ለሁለታችሁም ይብሳል።

ጠጅና አረቄ ከዚህ ኪኒን ጋር አይቀርቡም፣ እንቅልፉን ይደራርቡታል፣ ትንፋሽም ያሳጥራሉ። ቆላ ወርደሽ ወባ ቢይዝሽም ኮአርተም ከመቀበልሽ በፊት የምትወስጂውን ንገሪያቸው፤ ኪኒንሽ ኃይሉን ሊያደክመው ይችላል።

ዛሬ ማታ የተለመደውን አንዱን ዋጪ። የቀረውን ላካክስ ብለሽ ሁለት ሦስት አትደርቢ። ነገ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት በራፍሽ ላይ እገኛለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። ካርድሽን እናትሽ የት እንዳስቀመጠችው አሁኑኑ ጠይቂያት።