ደሙ በማን እጅ ነው?

ባለፈው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ ወዳጄ በአሜሪካ በየጊዜው ስለሚደርሰው የጅምላ ግድያ አነሣ። «አሁንማ ምክንያቱ ታወቀ፤ ጾታቸውን የለወጡት ናቸው» አለ። የጠቀሰው እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ናሽቪል ከተማ ውስጥ ኮቨናንት በተባለ የክርስቲያኖች ትምህርት ቤት ሦስት የ9 ዓመት ሕፃናትና ሦስት አዋቂዎች የተገደሉበትን ነው። ፖሊስ እንደገለጠው ገዳዩ በሴትነት ተወልዶ ራሱን በወንድነት የሚጠራ ትራንስጀንደር ነበር።

እኔ ስለ ጾታ ለውጥ ሃይማኖቴ የሚለውን አምናለሁ፤ ዛሬ የምከራከረው በእርሱ ላይ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አንድ ሰው ስድስት ነፍስ ስላጠፋ፣ እጃቸው ንጹሕ የሆነ እልፍ ሰዎች ስለ እርሱ ሊጠየቁ ይገባልን?

«ጾታ ይቆጠር ካልክ እንቁጠር» አልኩት። የላስ ቬጋሱ የ2017 ገዳይ፣ በ2019 ክራይስትቸርች መስጊዶች ውስጥ 51 ወገኖቻችንን የፈጀው፣ የዩቫልዴው የ2022 ገዳይ፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው። በአሜሪካም ከእንዲህ ያሉት ገዳዮች እጅግ የሚበዙት ወንዶች ናቸው። ታዲያ እኔንና አንተን «ወንዶች ሆይ፣ ይቅርታ ጠይቁ» ያለን ማን አለ? የብዙኃኑ ወንጀል የግለሰብ ይባላል። ከጥቂቶች መካከል አንድ ወንጀለኛ ሲወጣ ግን ያ አንዱ የሁሉም መጠሪያ ይሆናል።

ዩቫልዴ ላይ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ወድቀው ደማቸው ሳይደርቅ «ገዳዩ ትራንስጀንደር ነው» የሚል ወሬ ተነዛ፤ ጉዳዩ የማይመለከታቸው ሰዎች ፎቶግራፍ ሳይቀር ተሰራጨ። ፖል ጎሳር የተባሉ የምክር ቤት አባልም አስተጋቡት። ፍጹም ሐሰት ነበር። ወሬ ሲመጣ አጣሩ የሚለውን የሱረቱል ሑጁራት ትእዛዝ በየኹጥባው ስንሰማ የኖርን ሰዎች እንዲህ ያለውን ወሬ ተቀብለን ስናዞር አያሳፍርም?

«እና ምክንያቱ አይመርመር ነው የምትለው?» አለኝ። ይመርመር እንጂ! የናሽቪል ፖሊስ ሁለት ዓመት መርምሮ በ2025 መዝገቡን ሲዘጋ የገዳዩ ዋና ፍላጎት ዝና ማግኘት እንደነበር አስታውቋል። ምርመራ ማለት እንዲህ ነው፤ የሰውየውን ልብ ይፈትሻል እንጂ የሚመስሉትን ሁሉ አይከስም።

ደግሞ እኛ ይህን ነገር በጆሯችን ብቻ አይደለም የምናውቀው። በጁን 2016 ኦርላንዶ በሚገኝ የምሽት ክበብ 49 ሰዎች ሲገደሉ ገዳዩ ሙስሊም ነኝ ባይ ነበር። በማግሥቱ ሥራ ቦታ አንድ ባልደረባዬ ጋዜጣውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «አንተ ደግ ሰው ነህ፤ እናንተ ግን…» አለኝ። ኦርላንዶ የት እንዳለች እንኳ አላውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ስለማላውቀው ነፍሰ ገዳይ ስምልና ስገዘት ዋልኩ።

ይህን ለወዳጄ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «እሱስ ልክ ብለሃል፤ ግን…» ብሎ ብርጭቆውን አነሣ። ያንን «ግን» አውቀዋለሁ።